አሰለችና የጠፈሯ ሴትዮ

አሰለች ሰው ትንቃለች። ይህን ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ ካለ ጠጅ የማይቀምስ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠጅ ስለማይቀምስ ትንቀዋለች። ከገበያው በላይ ባለችው ጠጅ ቤቷ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አላፊ አግዳሚውን ስታይ፣ የሚያልፈው ሰው ሳያስበው ነጠላውን ያስተካክላል። ማስተካከሉም አይጠቅመውም። «አጣፊውን እዩልኝ!» ትላለች፣ ለራሷም ለሚሰማውም።

ንቀቷ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ምክንያት ነበራት። ተወልዳ ያደገችው ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ካለች መንደር ነው። አባቷ ብዙ በሬ ላለው ሰው ዳሯት። ሰውየው ሲበላ ከጎረቤት ይሰማል፤ ሰው ፊት ቆሞ ተናገር ሲባል ግን ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም። ይህን ለአባቷ ብትነግራቸው «በዚህ ባል አይፈታም» አሏት። እሷ ግን ፈታች። ልጇን አዝላ፣ ያን ሁሉ ገደል ወርዳ ወጥታ ላሊበላ ገባች። አንዲት ባልቴት ቤት ተጠግታ ጠጅ መጣል ተማረች፤ ከባልቴቷ የተሻለ መጣል ስትጀምር ባልቴቷንም ናቀቻቸው።

ከአብዮቱ በፊት ፈረንጆች ይመጡ ነበር። እነሱን የናቀቻቸው ያን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ከጀርባቸው ትተው ዝንብ የወረረውን የሕፃን ዓይን ፎቶ ስለሚያነሱ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ ቀሩ፤ በምትካቸው ካድሬዎች መጡ። አሰለች ለእነዚህ አዲስ ንቀት ማዘጋጀት አላስፈለጋትም፤ የተረፈው በቃቸው። ዋናው ካድሬ ታፈረ ደግሞ የዚያው የሰፈሩ ልጅ ነው። ለትምህርት ተብሎ ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ተልኮ፣ ዓመት ሳይሞላው ጥቁር የቆዳ ጃኬትና ሲናገር መሃል ላይ ዝም የማለት ልማድ ይዞ ተመለሰ። ዝምታው ሰሚው እንዲያስብበት ነው። አሰለች ግን ይህን ሰው ንፍጡ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ሲያለቅስ ታውቀዋለችና፣ ስብሰባ ላይ ዝም ባለ ቁጥር ከኋላ ሆና «መሀረብ ስጡት» ትላለች። ሰዉ በነጠላው ተሸፍኖ ይስቃል። ታፈረም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ማታ ማታ የሚጠጣው እሷው ቤት ነዋ።

አንድ ሰው ብቻ አትንቅም ነበር። እሱም ያ አዝላው የመጣችው ልጅ፣ ምስጋኑ ነው። ምስጋኑ ዝግ ያለ ልጅ ነው፤ ሲሠራም ሲስቅም አይቸኩልም። እንጨት ይወዳል። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ያሉት የመቀመጫ ዱካዎች ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው፤ አንዱም አይነቃነቅም። ሰካራም ተንከባሎ ሲወድቅ አሰለች መጀመሪያ የምታየው ዱካውን ነው። «ዱካው ደህና ነው፤ የተነቃነቅኸው አንተ ነህ» ብላ ሰውየውን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። ሚሊሻ ሲመለመል ታፈረ አደባባይ ላይ ቆሞ ስለ እናት አገር ብዙ ተናገረ፤ መሃል ላይ ዝም አለ፤ ከዚያ የምስጋኑን ስም ጠራ። የዚያን ቀን አሰለች መሀረብ ስጡት አላለችም።

ልጁ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው የሚደርሳት በመንገደኛ አፍ ነው። የመጨረሻው የደረሳት በጥምቀት ሰሞን፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር። ከግንባር የመጣ አንድ ወታደር «ምስጋኑ ሰላም ብሎሻል፤ ለፋሲካ ባይሆንለት ለሜይ ዴይ ፈቃድ ይሰጡታል፤ ጠጅ ጥለሽ እንድትጠብቂው ብሏል» አላት። ከዚያች ቀን ወዲያ አሰለች ሌላ ነገር አላሰበችም። ጋቢ አሠራችለት። የላስታን ነጭ ማር እየመረጠች ገዛች። ቀበሌውም በበኩሉ ለሜይ ዴይ ከደሴ ለሚመጡ ትልልቅ እንግዶች ጠጅ እንድትጥል አዘዛት። «ለእነሱም ይትረፋቸው» አለችና ትልቁን ጋን ጣለች። ከጋኑ የመጀመሪያውን ብርሌ የሚቀምሰው ምስጋኑ እንዲሆን በልቧ ቆርጣለች።

ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ግን የሰፈሩ ሰው ጠባይ ተለወጠ።

የጀመረችው ብርቅዬ ናት። ብርቅዬ የግድግዳ ጎረቤቷ ስትሆን ጠላ ትሸጣለች። ሁለቱ በአንዲት ዶሮ የተነሣ ተኳርፈዋል፤ ዶሮዋ ከሞተች ቆይታለች፤ ኩርፊያው ግን በሕይወት አለ። ይቺ ብርቅዬ አንድ ማለዳ እንስራ ሙሉ ውኃ ተሸክማ መጥታ የአሰለች በር ላይ አወረደች።

«ምንጩ ሩቅ ነው። ወገብሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው» አለች።

አሰለች ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ አየቻት። «ወገቤን የሚያመኝ አንቺን ሳይሽ ነው።»

የወትሮዋ ብርቅዬ ብትሆን እንስራውን እዚያው ትከሰክሰው ነበር። የአሁኗ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሄደች። በማግስቱም ውኃ ቀድታ መጣች። አሰለች ነገሩን አወጣች አወረደችና «የጌሾ አጣጣሌን ልትሰርቅ ነው» ብላ ደመደመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌሾውን ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀችው።

የንስሐ አባቷ ቄስ ደርበውም ተለወጡ። እሳቸው ሲመጡ ሁለት ነገር አይቀርም ነበር፤ መጀመሪያ ተግሣጽ፣ ቀጥሎ «ለጉሮሮዬ ማርጠቢያ» የሚሏት ትንሽ ነገር። አሁን ሁለቱንም ተዉት። በር ላይ ቆመው መስቀላቸውን ያሳልሟታል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። «ሰውየውን ሆዳቸውን አሟቸዋል፤ ጠጅ ሲከለከሉ ጊዜ ጸሎት ትዝ አላቸው» አለች አሰለች።

ከሁሉ የገረማት ታፈረ ነው። «ጓድ አሰለች» ማለቱን ትቶ «እትዬ» ይላት ጀመር። ከስብሰባ ብትቀር አይጠይቃትም። የሰፈር ጥበቃ ተራዋ ሲደርስ «እርስዎ ይረፉ፣ ሌላ ሰው እንመድባለን» አላት። በዚህ ነገር አሰለች ደስ አላት። ፈርቶኛል አለች። ያን ሁሉ ዓመት ስትንቀው ኖራ በመጨረሻ የገባው መሰላት፤ ለዚያ ለባለ ቆዳ ጃኬቱ ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቱም አልደነቃትም።

የፋሲካ ዕለት ጠጅ ቤቷ ጢም አለ። አሰለች ለሰው ትቀዳለች እንጂ ከሰው ጋር የምትጨፍር ሴት አይደለችም። የዚያን ቀን ግን ልጇ ሊመጣ ነው። ሜይ ዴይ ደርሷል። መሰንቆው ሞቅ ሲል ብርሌውን አስቀመጠችና «ይቺ ለምስጋኑ ናት!» ብላ መሃል ወጣች። ትከሻዋ ገና የልጃገረድ ትከሻ ነበር፤ እንዲህ መቻሏን ማንም አያውቅም፣ ራሷም ረስታው ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ግን ቅጥ አልነበረውም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሁለት እጁን አጋጥሞ መልሶ የማያላቅቅም አለ። ብርቅዬ ጥግ ይዛ ታጨበጭብና መልሳ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ቄስ ደርበው ገና ጭፈራው ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ።

አሰለች ላቧን ጠርጋ ቤቱን ቃኘችው። «እናንተን ከማስጨብጨብ በግ ማስጨብጨብ ይቀላል» አለች። ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጾሙ አድክሟቸዋል» ብላ ናቀቻቸው።

ከሜይ ዴይ በፊት ባለው እሑድ ሸዕባን ከደሴ መጣ። ሸዕባን የተንቀሳቃሽ ሲኒማው ሠራተኛ ነው፤ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር ጭኖ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል። ሳቂታ ሰው ነው። ጠጅ ባይጠጣም ሁልጊዜ አሰለች ቤት ጎራ ይላል፤ ሻይ አፍልታ ታጠጣዋለች፤ እሱን የምትንቀው በጥቂቱ ነው። «ዘንድሮ ምን አመጣህብን?» አለችው።

«የጠፈር ፊልም ነው፣ እማማ። ወላሂ ምኑም አይገባም። ባለፈው ሳምንት ወገል ጤና ላይ ሳሳየው ግማሹ ሰው አንቀላፋ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ወጥቶ ሄደ።»

ፊልሙን የመረጠው ታፈረ ነበር። በተማረበት አገር ቋንቋ የተሠራ ስለሆነ በድምፅ ማጉያ እየተረጎመ የሳይንስን ድል ለሕዝብ ሊያስረዳ ፈልጓል። ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ ማሳየት አልተቻለም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በኬሻ ተደፈኑ፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጠረ፤ ጄኔሬተሩም ደጅ ሆኖ ያጓራ ጀመር። ያልመጣ ይቀጣል ስለተባለ ሰዉ ሁሉ መጣ። አሰለች ከምስጋኑ ዱካዎች አንዱን ብብቷ ሥር ይዛ ገባች፤ በቀበሌ አግዳሚ ላይ አትቀመጥም። ገና ስትገባ ከፊት ያሉት ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት። «ተቀመጡ እባካችሁ፤ ጳጳስ መሰልኳችሁ?» አለችና ዱካዋን መሃል አዳራሹ ላይ ተክላ ተቀመጠች።

ታፈረ ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «ጓዶች! የሰው ልጅ በሳይንስ ታግዞ ሰማይን...» ብሎ ዝም አለ።

«መሀረብ» አለች አሰለች።

የሳቀው ሸዕባን ብቻ ነው። እሱ እንግዳ ነው።

ሰዉ የጠበቀው መንኮራኩር ሲተኮስና ሰይጣን የመሰለ ፍጡር ሲገደል ለማየት ነበር። ፊልሙ ግን እንዲህ ነው። ፀሐይዋ የእኛ ባልሆነች በጣም ሩቅ ዓለም ውስጥ፣ ምድሩ በረዶ ብቻ በሆነበት ስፍራ አንድ የብረት ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ይኖራሉ። የሴትዮዋ ሥራ አየሩን የሚያመነጨውን ማሽን መጠበቅ ነው፤ እሷ ከተወችው ሁሉም ታፍነው ይሞታሉ። ባሏ በትንሽ መንኮራኩር ከበረዶው ማዶ ከሄደ ቆይቷል። ድምፁ በራዲዮ ይመጣል፤ ደህና ነኝ፣ እመለሳለሁ ይላል። ግን አይመለስም። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሴትዮዋ በመሣሪያ ብትፈልግ አቅጣጫ አጣችለት። ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ይህችን ለመንገር አንድ ሙሉ ጥቅል ፊልም አለቀ። ሰዎቹ ይቀመጣሉ። ይነሣሉ። በመስኮት በረዶ ያያሉ። ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ብሎን ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል። አዳራሹ ውስጥ ማዛጋት ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። ታፈረ ላብ በላብ ሆኖ ይተረጉማል።

«ለዚህ ነው ነዳጅ የሚቃጠለው?» አለች አሰለች። «ሰው ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ እኔ ቤት መጥታችሁ በነፃ እዩ!»

እንዲህ ትበል እንጂ ዓይኗን ከአቡጀዲው አላነሣችም። ፊልሙን ናቀችው፤ ቀርፋፋነቱን፣ ዝምታውን፣ ከሩቅ አምጥቶ ምንም አለማሳየቱን። ሴትዮዋን ግን ማየት አልተወችም። ስታዳምጥ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። የባሏን ድምፅ ስትሰማ በተለመደው ፊቷ ላይ ሌላ ፊት ይመጣል። አሰለች ይህን ፊት የት እንደምታውቀው ባታስበውም አወቀችው።

ሁለተኛው ጥቅል ሲጀመር ሰዎቹ ማዕድ ቀረቡ። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋን ይጮህባት የነበረው ሽማግሌ አለቃ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ከወንዶቹ ልጅ እግር የሆነው የራሱን ስኳር ወደ እሷ ገፋ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን ሆነ፤ ሦስቱ ወንዶች ቆመው ሲነጋገሩ ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ገባች። ወዲያው ዝም አሉ። ቀይ ጢሙ ሰውዬ ወደ ብሎኑ ዞሮ ማፏጨት ጀመረ። አሰለች ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ስትወጣ ሽማግሌው አለቃ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አዳራሹ የታፈረን ትርጉም ጠበቀ። ታፈረ ዝም አለ።

«ምን አለ?» አሰለች ጠየቀች።

«እ... ውኃው ይጣራ ነው ያለው። ስለ ውኃ ማጣሪያው ነው የሚነጋገሩት፣ እትዬ።»

«ውኃ ይጣራ ለማለት እንዲህ ዓይኑ ይቀላል?» አሰለች ሳቀች። «ቋንቋውን ሳትማር ነው የመጣኸው፣ አንተ! እኔ ልተርጉምልህ። ባልየው ሞቷል። መርዶ ይዘውባት ነው!»

አንድ ሰው ከኋላ አሳለ። ታፈረ «እትዬ፣ ፊልሙ ገና አላለቀም...» አለ።

«ምን ገና አለው? አታይም? ያ ሽማግሌ ትናንት ሲጮህባት አልነበረም? ዛሬ ወንበር ይስብላታል። ያ ደግሞ ስኳሩን ይሰጣታል። ስትገባ ወሬ ያቆማሉ። ድምፁም የባልየው አይደለም፤ እነሱ ናቸው በማሽን የሚያናግሯት። ሥራ ካቆመች ታፍነው ሊሞቱ ነዋ!» አሰለች አሁን ሙሉ በሙሉ በዘመቻዋ ላይ ናት፤ እጇ ወገቧ ላይ ወጥቷል። «የእነሱስ ይሁን፣ ፈሪዎች ናቸው። እሷን ነው የምንቃት! እንዴት ያለች ጅል ናት? ሰው እንዲያው በባዶ ሜዳ እንዲህ ይለሰልሳል? ዓይን የላትም? ለዓመታት ያኮረፈሽ ሰው ድንገት ተነሥቶ ውኃ ሲቀዳልሽ...»

እዚህ ላይ ቆመች። ፊልሙ ውስጥ ውኃ የቀዳ ሰው አልነበረም።

ፕሮጀክተሩ ብቻ ይንጣጣል። ከግድግዳው ሥር፣ ሴቶቹ ካሉበት በኩል፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሊያስቀረው ሲታገል ተሰማ፤ አልቻለም። የብርቅዬ ድምፅ ነው። አሰለች የዚያችን ሴት ድምፅ ለዓመታት በግድግዳ ስትሰማ ኖራለች፤ ሲቆጣም ሲሳደብም ታውቀዋለች። ሲያለቅስ የሰማችው አሁን ነው።

ጥቅሉ አለቀ። ምንም የማያውቀው ሸዕባን ሌላ ጥቅል ሊያስገባ ብርሃን ስለፈለገ አንዱን ኬሻ ከመስኮቱ ገለጥ አደረገው። የከሰዓቱ ፀሐይ አዳራሹ ውስጥ ገባ። አሰለች ዱካዋ ላይ እንዳለች ዞረች። ቄስ ደርበውን አየች፤ መስቀላቸውን ያያሉ። ሰፈርተኛውን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም የገዛ እግሩን ያያል። ታፈረን አየች። ድምፅ ማጉያው ጉልበቱ ላይ ወድቋል፤ ዝም ብሏል። ይህኛውን ዝምታ ከውጭ አገር የተማረው አልነበረም።

ፈራች። ሰውን ሁሉ ስትንቅ የኖረች ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፈራች። የሁዳዴው ውኃ፣ የቄሱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ የጥበቃው ተራ፣ «እትዬ» መባሏ፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡባት።

ቄስ ደርበው ብድግ አሉ። «ልጄ...»

«ይቀመጡ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኛ እኮ...»

«ይቀመጡ አልኩ! እዚህ አይደለም። ኬሻ በጋረዳችሁበት ቤት፣ በሞተር ጩኸት መሃል አትነግሩኝም። እኔ ቤት አለኝ፤ በር አለኝ።» ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። «ቀጥል፣ ሸዕባን። ይቺ ሴትዮ መቼ እንደሚነግሯት ልይላት።»

ኬሻው ተመለሰ። የመጨረሻውን ጥቅል ማንም አላዛጋበትም። ማንም አልተረጎመውም። ሴትዮዋ ብቻዋን ማሽኑ ክፍል ገባች። የባሏን ድምፅ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ሰማችው። በሦስተኛው እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ተመልሳ ሦስቱ ወንዶች ያሉበት ማዕድ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልተናገረም፤ በመስኮቱ በረዶ ይታያል። እንዲያው እንደተቀመጡ ጨለመ።

«አለቀ?» አለ አንድ ሰው። እውነትም አልቆ ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መርዶ መንገር አያውቁም፤ እነዚያ ሦስቱ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ሴትዮዋ ራሷ ነበረች ለራሷ መርዶ የነገረችው።

አሰለች ዱካዋን ብብቷ ሥር አደረገች። በሩ ላይ ደርሳ ሳትዞር «ነገ ጎሕ ሲቀድ ቤቴ ነኝ» አለች።

ጎሕ ሲቀድ በሯ ተከፍቶ ነበር። ግቢው ተጠርጓል። ዱካዎቹ ከጠጅ ቤቱ ወጥተው በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። መደቡ ላይ ያ ለምስጋኑ የተሠራው ጋቢ ተዘርግቷል፤ በእጥፋቱ ላይ ገና የሸማኔው ቤት አቧራ አለ። አሰለች መደቡ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሊያረዱ የሚመጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት አይተው አያውቁም፤ ሊያስደነግጡ መጥተው ራሳቸው ደነገጡ። ከፊት ቄስ ደርበው፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹም ብርቅዬ፣ ከሁሉ ኋላ ታፈረ። ጃኬቱን አልለበሰም፤ ያለ ጃኬቱ ትንሽ ሰው ነው።

«ግቡ» አለች። «ዱካው አይነቃነቅም፤ ተቀመጡ።»

ማንም አልተቀመጠም። ቄስ ደርበው ቆመው ማስረዳት ጀመሩ። ከኩልመስክ የሆነ አንድ ቁስለኛ በሁዳዴ ለቅዳሜ ገበያ ብቅ ብሎ እንደነበር፣ ወሬውን ለብርቅዬ እንደነገራት፣ ብርቅዬም ለእሳቸው እንዳመጣችው ተናገሩ። ከዚያ ወደ ምክንያቱ ገቡ። ጾም ነበር፤ በጾም ጉልበቷ ተዳክሞ መርዶ ብትሰማ ትጎዳለች ተባለ። ጾሙ ሲያልፍ ፋሲካ ሆነ፤ በትንሣኤ ቀን የሞት ወሬ እንዴት ይነገራል ተባለ። ፋሲካው ሲያልፍ...

«ሲያልፍስ?»

ቄሱ ወደ ኋላ ዞር አሉ። ታፈረ ወደ መሬት እያየ «እስከ ሜይ ዴይ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የበላይ አካል እየመጣ በከተማው ለቅሶ ከተሰማ... የዘማች ለቅሶ ደግሞ...»

«ጠጁንስ ማን ይጥልልህ ነበር?» አለችው አሰለች።

አሰለች ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ማንንም ንቃ አታውቅም። «እንግዶችህ ምንጩ ወርደው ውኃ ይጠጡ» አለች። «ጋኑ የለቀስተኛ ነው።» ከዚያ ወደ ቄሱ ተመለሰች። «አሁን ይበሉት። ምክንያቱን ሰማሁ። እሱን ራሱን በአፍዎ ይበሉት።»

ቄስ ደርበው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጅሽ ምስጋኑ... ዐረፈ፣ ልጄ። ግንባር ላይ ወደቀ።»

ሴቶቹ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። አሰለች እጇን አነሣችና አስቆመቻቸው።

«መቼ?»

«በየካቲት ነው አሉ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል።»

አሰለች ጋቢውን አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የካቲትን፣ ሁዳዴን፣ ሆሳዕናን እያለፈች ወደ አንድ ቀን ስትጓዝ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ደረሰችበት።

«በፋሲካ ጨፍሬያለሁ» አለች።

«ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ ስሙን ጠርቼ ጨፍሬያለሁ። እናንተ ታውቁ ነበር።» አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ትናንት በአዳራሹ እንዳየቻቸው። «ታውቁ ነበር። አጨበጨባችሁልኝ።»

ብርቅዬ እያለቀሰች ልትይዛት ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። አሰለች እጆቹን ተመለከተቻቸው። ከዚያ ገፋቻቸው፤ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ጣለችና ብቻዋን ጮኸች።